ግሬስ ሆፐር፤ ኮምፒዩተርን የሰው ቃል ያስተማረች የሒሳብ ሊቅ

ኮምፒዩተር ከቁጥር በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ደመወዝ ሲያሰላ፣ የባንክ ሒሳብ ሲያወራርድ፣ የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ሲያጠናቅር በውስጡ የሚመላለሰው ዜሮና አንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ይህን መሣሪያ የሚያዝ ባለሙያ ትእዛዙን የሚጽፈው በቁጥር ሳይሆን፣ ቃልና አገባብ ባለው፣ ሌላ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ጽሑፍ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በሰው ጽሑፍና በመሣሪያው ቁጥር መካከል፣ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆም ሌላ ፕሮግራም አለ። ይህ አስተርጓሚ ከመፈጠሩ በፊት የኮምፒዩተር ሙያ የጥቂት የሒሳብ ሊቃውንት ርስት ነበረ። ርስቱ ለብዙዎች እንዲከፈል ከታገሉት መካከል በግንባር ቀደምትነት የምትጠቀሰው አሜሪካዊቷ የሒሳብ ምሁርና የባሕር ኃይል መኮንን ግሬስ ሆፐር ናት።

ስሟ ሲነሣ ሁለት ዐይነት ስሕተት አብሮ ይነሣል። አንደኛው፣ የብዙ ሰዎች ድካም የነበረውን ሁሉ ለእርሷ ብቻ መስጠት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከአንዲት የእሳት ራት ጋር በተያያዘ ጨዋታ ብቻ አስታውሶ እውነተኛውን ሥራዋን መዘንጋት ነው። የሕይወት ታሪኳን በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ነገር ያገኛል። ይኸውም አንዲት አስተማሪ፣ የምታስተምረው ተማሪ ሰውም ይሁን መኪና፣ ነገሩን በሚገባው ቋንቋ ካልነገሩት ዕውቀት ዋጋ የለውም ብላ አምና፣ ለዚህ እምነቷ እስከ ዕለተ ሞቷ መሥራቷ ነው።

ግሬስ ብሩስተር መሪ በኒው ዮርክ ከተማ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ተወለደች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሦስት ልጆች የበኵር ልጅ ነበረች። ቅድመ አያቷ የባሕር ኃይል አድሚራል ሲሆን፣ የእናቷ አባት ደግሞ የቅየሳ መሐንዲስ ነበር፤ ሕፃኒቱም መለኪያውን ዘንግ ይዛ ትከተለው ነበር። በሰባት ዓመቷ አንድ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈታችው፤ መልሳ መግጠም ቢያቅታት ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን እያለች በቤቱ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች ሁሉ በታተነቻቸው። እናቷ በቍጣ ፈንታ ከዚያ በኋላ ለመፍታት የሚፈቀድልሽ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ብላ ወሰነች። የኢንሹራንስ ሠራተኛ የነበረውና ሁለት እግሮቹን በሕመም ያጣው አባቷም፣ ሴቶች ልጆቹ ከወንዱ ልጁ እኩል መማር እንዳለባቸውና ራሳቸውን ችለው መኖር እንደሚገባቸው አጥብቆ ያምን ነበር። በዘመኑ ይህ እምነት የተለመደ አልነበረም።

በ16 ዓመቷ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ተፈትና ወደቀች፤ የጣላትም የላቲን ቋንቋ ነበር። ኋላ የቋንቋ ጉዳይ የሕይወቷ ሥራ ለሆነች ሴት ይህ አስገራሚ ጅማሬ ነው። በማግሥቱ ዓመት ገብታ በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። ከዚያም ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተሻግራ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪዋን በሒሳብ ተቀበለች። በ1930 የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረውን ቪንሰንት ሆፐርን አግብታ እስከ መጨረሻው የታወቀችበትን ስም ያገኘችው ከእርሱ ነው። ጋብቻው በ1945 በፍቺ ሲፈጸም ልጅ አልነበራቸውም።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ስታስተምር አንድ ያልተለመደ ልማድ ነበራት። ተማሪዎቿ አንድን የሒሳብ ቀመር ከተማሩ በኋላ ስለዚያው ቀመር በድርሰት መልክ እንዲጽፉ ታዝ ነበር። ተማሪዎቹ የመጣነው ሒሳብ ልንማር እንጂ ድርሰት ልንጽፍ አይደለም ብለው ቢያማርሩ፣ የሚያውቁትን ለሌላ ማስረዳት ካልቻሉ ሒሳብ መማራቸው ከንቱ መሆኑን ትነግራቸው ነበር። ይህ የመምህርነት ጠባይዋ ወደ ኮምፒዩተር ክፍልም ተከትሏት ገባ።

በ1941 መጨረሻ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር የተደላደለ የኮሌጅ ሥራ ነበራት። ዕድሜዋ ከተወሰነው በላይ ነው፣ ክብደቷም ከሚፈለገው በ15 ፓውንድ ያንሳል፣ የሒሳብ አስተማሪም በመሆኗ በሲቪል ሥራዋ ብትቆይ ይሻላል ተብሎ ነበር። እርሷ ግን ልዩ ፈቃድ ለምና በ1943 በባሕር ኃይል የሴቶች ተጠባባቂ ክፍል ገባች። የመኮንንነት ሥልጠናዋን በአንደኛነት ፈጽማ በ1944 የመኮንን ማዕረግ ከተቀበለች በኋላ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላከች። ጁላይ 2 ቀን 1944 እዚያ ስትደርስ የጠበቃት አለቃ ኃዋርድ ኤይከን፣ የጠበቃት ሥራም ማርክ አንድ የተባለው መኪና ነበር።

ማርክ አንድ በኤይከን ሐሳብ፣ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ መሐንዲሶች የተሠራ ግዙፍ የሒሳብ መኪና ነበር። ርዝመቱ 51 ጫማ፣ ከፍታው 8 ጫማ፣ ክብደቱ 5 ቶን ያህል ሲሆን፣ በውስጡ የተዘረጋው ሽቦ 500 ማይል ያህል ይደርስ ነበር። በሴኮንድ ሦስት ድምር ይሠራል፤ ለአንድ ማባዛት ግን ብዙ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። የዛሬው ባለሙያ ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን የመድፍ ጥይት አቅጣጫ ሠንጠረዥ በእጅ ለማስላት ወራት ይፈጅ ስለነበር፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ የሚያሰላ መኪና ታላቅ ተአምር ነበር። በ1944 የበጋ ወራት የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን ከአቶሚክ ቦምብ ሥራ ጋር የተያያዘ እጅግ አስቸጋሪ ስሌት ይዞ የመጣው ወደዚሁ መኪና ነው።

መኪናው ትእዛዙን የሚቀበለው በተቦረቦረ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። በእያንዳንዱ መስመር 24 የቀዳዳ ቦታ አለ፤ የትኛው ቦታ እንደሚቦረቦርና የትኛው እንደሚታለፍ የሚወስነው ፕሮግራም ጸሐፊው ነው። ሆፐር ከሁለት ወጣት መኮንኖች፣ ከሪቻርድ ብሎክና ከሮበርት ካምቤል፣ ጋር ይህን ጥበብ ተማረች። ኤይከንም ስለ መኪናው መጽሐፍ እንድትጽፍ አዘዛት። በ1946 የታተመው ይህ ከ500 ገጽ በላይ ያለው መመሪያ በዓለም ላይ ስለ ኮምፒዩተር አሠራርና ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ በሰፊው ከተጻፉት መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹ ረድፍ ይገኛል።

የኋላው ሥራዋ ዘር የተዘራው በዚሁ ክፍል ነው። ባልደረቦቹ አንድ ጊዜ የተሳካ የፕሮግራም ክፍል ሲያገኙ በማስታወሻ ደብተራቸው ይይዙታል፤ ለሌላ ሥራ ሲፈልጉትም አንዱ ከአንዱ ደብተር ይገለብጣል። ሆፐር ሁለት ነገር አስተዋለች። አንደኛ፣ ሰው ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ የባዶ ቦታ ምልክቱ 4 ይሆናል፣ ቢ የተባለው ፊደል 13 ይሆናል። ሁለተኛ፣ የተገለበጠው ክፍል በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ በሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ የቦታ ቁጥሮቹ ሁሉ እንደገና መደመር አለባቸው፤ ሰውም ሲደምር እንዲሁ ይሳሳታል። መገልበጥና መደመር ደግሞ ኮምፒዩተር ከሰው አብልጦ የሚሠራቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው። እንግዲያውስ ፕሮግራም መጻፉን በከፊል ለመኪናው መስጠት ለምን አይቻልም የሚለው ጥያቄ ከዚህ ተወለደ።

የእሳት ራቷ ታሪክም የዚሁ ዘመን ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የማርክ ሁለት ሠራተኞች መኪናው ለምን እንደተበላሸ ሲመረምሩ፣ በአንዱ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ውስጥ የሞተች የእሳት ራት አገኙ፤ በጣቢያው መዝገብ ላይም በፕላስተር ለጥፈው በቀልድ መልክ ጻፉባት። ሆፐር ታሪኩን በየጉባኤው ስለተረከችው ራቷን ያገኘችው፣ በእንግሊዝኛ የመኪና ጕድለት በነፍሳት ስም እንዲጠራ ያደረገችውም እርሷ ናት እስከ መባል ደረሰ። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። ቃሉ በመሐንዲሶች ዘንድ ከዚያ በብዙ ዐሥርተ ዓመታት በፊት ይሠራበት ነበር፤ ቀልዱም ቀልድ የሆነው ቃሉ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። መዝገቡ ከነራቷ በዋሽንግተን በብሔራዊው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሆፐር በመደበኛው ባሕር ኃይል ለመቀጠል ጠይቃ በዕድሜ ምክንያት ተከለከለች። በሃርቫርድ በተመራማሪነት ብትቆይም ውሉ በ1949 ሲያልቅ የሚቀጥል ቋሚ ሥራ አልነበራትም፤ ቋሚ የማስተማር ማዕረግ በዚያን ጊዜ ለሴቶች የሚታሰብ አልነበረምና። ትዳሯ ፈርሷል፤ የቫሳርን ቋሚ ቦታዋንም በፈቃዷ ለቃለች። በጦርነቱ ዘመን የተጀመረው የመጠጥ ልማድም በዚህ ወቅት በርትቶባት ጤናዋንና ሥራዋን እስከ ማወክ ደርሶ ነበር፤ ወዳጆቿም በደብዳቤ ጭምር መክረዋታል። ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጻፉ ታሪኮች ይህን የመሰለውን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ሳይታለፍ ሲነገር ግን፣ ከዚያ ወዲያ የሠራችው ሁሉ ከወደቀችበት ተነሥታ የሠራችው መሆኑ ይታወቃል።

በዚያው በ1949 ሆፐር በፊላደልፊያ ከተማ ፕሬስፐር ኤከርትና ጆን ሞክሊ በመሠረቱት አነስተኛ ኩባንያ ተቀጠረች። ሁለቱ ሰዎች ኤኒያክ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር የሠሩ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ ዩኒቫክ የተባለውን የንግድ ኮምፒዩተር ለመሥራት ከገንዘብ ችግር ጋር ይታገሉ ነበር። ኩባንያው በ1950 በሬሚንግተን ራንድ ተገዛ፤ የመጀመሪያው ዩኒቫክም በ1951 ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ባይናክ በተባለው ሌላ መኪና ሲሠሩ ከስምንት በሚነሣ የቁጥር ሥርዐት ይጠቀሙ ስለነበር፣ ሆፐር ሥርዐቱን ከመልመዷ የተነሣ የግል የባንክ ደብተሯ ሒሳብ ለሦስት ወራት አልገጥም አላት። ቢጣራ ለካ ተቀናሹን የምታሰላው በዚያው በመኪናው ቁጥር ኖሯል! ነገሩ ቢያስቅም ቁም ነገር አስተምሯታል፤ ሰው ወደ መኪናው ቋንቋ ከሚሄድ ይልቅ መኪናው ወደ ሰው ቢመጣ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በልቧ ጸና።

የገንዘቡም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ኮምፒዩተሮች እየበዙ ሲሄዱ የሚያዟቸው የሒሳብ ሊቃውንት አልበዙም። ለአንድ ድርጅት ፕሮግራም መጻፍና ማረም ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችል ነበር። ባልደረባዋ ቤቲ ሆልበርተን በ1951 መረጃ የሚደረድር ፕሮግራምን ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠርታ ነበር፤ ፕሮግራም ፕሮግራምን ሊጽፍ እንደሚችል ለሆፐር ያሳየቻት ይህች ሥራ እንደሆነች ሆፐር ራሷ ደጋግማ መስክራለች።

ከ1951 እስከ 1952 ባለው ጊዜ ሆፐር ኤ-ዜሮ የተባለውን ፕሮግራም ሠራች። አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። የተፈተኑና የታረሙ የፕሮግራም ክፍሎች በማግኔት ጥብጣብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱም መጥሪያ ይሰጠዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚያስፈልጉትን ክፍሎች መጥሪያ በተራ ሲጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ክፍሎቹን ከጥብጣቡ ፈልጎ፣ የቦታ ቁጥራቸውን አስተካክሎ፣ አገጣጥሞ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ ያወጣል። አንድ ችግር ግን ነበረ፤ ፕሮግራሙ ገና ወዳልተቀመጠ ክፍል ዝለል የሚል ትእዛዝ ሲገጥመው ቦታውን አያውቅም። ሆፐር መፍትሔውን ያገኘችው በኮሌጅ ከተጫወተችው የቅርጫት ኳስ ነው፤ ተጫዋች ኳሱን ለጓደኛው ሰጥቶ ወደፊት ሮጦ እንደሚቀበለው ሁሉ፣ ፕሮግራሙም በማኅደሩ ውስጥ በተለየ ስፍራ ማስታወሻ ትቶ፣ የሚፈልገው ክፍል ቦታውን ሲይዝ ማስታወሻው ወደ ትክክለኛው ስፍራ እንዲመራው አደረገች።

ክፍሎችን ስለሚያጠናቅር ፕሮግራሙን ኮምፓይለር አለችው። በዛሬው ትርጉም ኮምፓይለር የሚባለው ሙሉ ቋንቋን የሚተረጕም ስለሆነ፣ ኤ-ዜሮ ከአገጣጣሚ ፕሮግራም ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በተግባር ያሳየ ሥራ ነበረ። በሜይ 1952 በፒትስበርግ በተደረገው የኮምፒዩተር ማኅበር ስብሰባ ላይ ጽሑፏን ስታቀርብ ብዙዎች ለማመን ተቸገሩ። ኮምፒዩተር ቁጥር ከማስላት በቀር ሌላ አይችልም የሚለው አስተያየት ሥር የሰደደ ነበርና። ከዚህም ሌላ፣ ከመኪናው ጋር በቁጥር መነጋገርን እንደ ክህነት የያዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ምሥጢሩ ለሁሉ መገለጡን አልወደዱትም። ሆፐር ግን ተስፋ ሳትቆርጥ ተከታዮቹን ፕሮግራሞች አሻሻለች፤ በ1953 የወጣው ኤ-ሁለትም ለዩኒቫክ ደንበኞች ተሰጠ።

በዚህ ዘመን እርሷ ብቻዋን አልነበረችም። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አሊክ ግሌኒ በ1952 አውቶኮድ የተባለውን ሠርቷል። በአሜሪካም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላኒንግና ዚርለር የአልጀብራ ቀመርን በቀጥታ የሚቀበል ፕሮግራም አዘጋጅተዋል። በአይ.ቢ.ኤም. ጆን ባከስ ከጓደኞቹ ጋር ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ ደክሞ ሠርቶ በ1957 ለተጠቃሚዎች አቀረበ። ፎርትራን የጻፈው ፕሮግራም በሰው እጅ ከተጻፈው ፍጥነቱ ብዙም የማያንስ ስለነበር፣ ትርጕም ጊዜ ያባክናል የሚለውን ተቃውሞ ያስቆመው በእውነቱ ይኸው ቋንቋ ነው።

ነገር ግን ፎርትራን ለሳይንቲስትና ለመሐንዲስ የተሠራ ነበር። የሒሳብ ምልክት ለእነርሱ እንደ እናት ቋንቋ ነው። ደመወዝ የሚያሰላው የቢሮ ሠራተኛ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሹም፣ የኢንሹራንስ ጸሐፊ ግን ምልክት አይወድም። ሆፐር በደንበኞች ዘንድ እየተዘዋወረች ይህን ተመልክታ ነበርና፣ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆነው ቋንቋ በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት የተመሠረተ መሆን አለበት ብላ ተነሣች። ደምር፣ አወዳድር፣ ጻፍ፣ አቁም እንደሚሉ ያሉ ግሦችን የተጠቀመ ሐሳብ በጃንዋሪ 1955 ለኩባንያዋ አስተዳደር በጽሑፍ አቀረበች።

ሐሳቡን ለማስረዳት የተሰናዳው ትርኢት በሙያው ታሪክ ውስጥ ከሚነገሩት ሁሉ ትምህርት ሰጪ ነው። ሆፐርና ባልደረቦቿ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም አሠርተው አሳዩ። ከዚያም ያንኑ ፕሮግራም ቃላቱን ብቻ ለውጠው በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎም በጀርመንኛ አሠሩት። ዓላማቸው ቃላቱ ለመኪናው የፊደል ቅንብር ከመሆን በቀር ሌላ ትርጉም እንደሌላቸው፣ ስለዚህም በየትኛውም ቋንቋ መተካት እንደሚቻል ማሳየት ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ግን ደነገጡ። በፔንሲልቬንያ የተሠራ የተከበረ አሜሪካዊ ኮምፒዩተር እንዴት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊሰማ ይችላል በማለት ሐሳቡን ናቁት። እንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሆን ቃል ተገብቶላቸው፣ እሺ እንዲሉም ተጨማሪ ወራት አስፈልገዋል።

ከዚህ ድካም የተገኘው ቋንቋ ፍሎው-ማቲክ ተባለ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም በዩኒቫክ ደንበኞች ዘንድ ሥራ ላይ ዋለ። ከእርሱ ሁለት ቁም ነገሮች ለትውልድ ተላለፉ። አንደኛው በተራ ቃላት ማዘዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው መረጃው የሚገለጽበትን ክፍል ትእዛዙ ከሚጻፍበት ክፍል መለየት ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ያነሰ ቢታወቅም በሥራ ላይ ያስገኘው ጥቅም የላቀ ነው፤ የመዝገቡ ቅርጽ ሲለወጥ መላው ፕሮግራም እንደገና አይጻፍምና።

በ1959 የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ሌላ ችግር ገጠማቸው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቋንቋ ስለሚያወጣ፣ ደንበኛ መኪናውን በለወጠ ቍጥር ፕሮግራሙን ሁሉ ከመጀመሪያው ይጽፍ ነበር። የበሮውዝ ኩባንያ ባልደረባ ሜሪ ሆውዝ ለንግድ ሥራ አንድ የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋል ብላ ጥሪ አቀረበች። በኤፕሪል በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ምክክር ተደረገ፤ ሆፐርም ከተሰበሰቡት አንዷ ነበረች። በሜይ 28 እና 29 ደግሞ በመከላከያ ሚኒስቴር፣ በፔንታጎን፣ በቻርልስ ፊሊፕስ ሰብሳቢነት ከመንግሥትና ከኩባንያዎች የተውጣጡ 40 ያህል ሰዎች ተገናኙ። ኮቦል የተባለው ቋንቋ የተወለደው ከዚህ ስብሰባ ነው።

ሆፐር የኮቦል እናት ትባላለች። ይህ ማዕረግ ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ቋንቋውን ቁጭ ብለው የነደፉት ጂን ሳሜት፣ ገርትሩድ ቲየርኒ፣ ኃዋርድ ብሮምበርግና ሌሎችም የኮሚቴ አባሎች ናቸው፤ ሆፐር የኮሚቴው አባል አልነበረችም፤ በአማካሪነት ረድታለች። ይሁንና ኮሚቴው ሥራውን ሲጀምር በእጁ ከነበሩት ቋንቋዎች ሁሉ በተግባር የተፈተነው ፍሎው-ማቲክ ስለነበረ፣ ከሌሎቹ አብልጦ የቀዳው ከእርሱ ነው። እናት መባሏ ባይስማማ፣ አያት ብትባል ከእውነት አይርቅም።

ሥራው እየተጓተተ ሲሄድ ብሮምበርግ ተስፋ ቆርጦ፣ የቋንቋው ስም የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ ገዝቶ ለፊሊፕስ ላከለት። ሙት የተባለው ግን አልሞተም። የቋንቋው ደንብ በ1960 ታተመ፤ በዲሴምበር 1960ም አንድ ዐይነት ፕሮግራም፣ በጥቂት ማስተካከያ፣ በሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች መኪናዎች ላይ፣ በዩኒቫክና በአር.ሲ.ኤ.፣ ተሠርቶ ታየ። የመከላከያ ሚኒስቴሩም ኮቦልን የማይቀበል ኮምፒዩተር ያለ በቂ ምክንያት እንደማይገዛ ባስታወቀ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ሁሉ ቋንቋውን ተቀበሉ።

ኮቦል ተቺዎች አላጡትም። ምሁራን ቃሉ በዝቶ ሐሳቡ የሳሳ ነው፣ የተማሪን አእምሮ ያበላሻል እያሉ ነቅፈውታል። በተራ ቃላት የተጻፈ ፕሮግራም ማንም ሰው ያነበዋል የሚለው ተስፋም በከፊል ብቻ ተፈጽሟል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ በቃሉ ሳይሆን በአስተሳሰቡ ነውና። ማኅደር ውድ በነበረበት ዘመን ዓመቱን በሁለት ቁጥር ብቻ መጻፍ ተለምዶ ስለነበር፣ ዓመተ ምሕረቱ 2000 ሲቃረብ በዚህ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞችን ለማረም ዓለም ታላቅ ገንዘብ አወጣ። ነገር ግን ነቀፌታው ራሱ ምስክር ነው፤ ከዐርባ ዓመት በኋላ ለመታረም የበቃ ፕሮግራም፣ ዐርባ ዓመት ያገለገለ ፕሮግራም ነው።

ሆፐር በተጠባባቂነት ስታገለግል ቆይታ በ1966 መጨረሻ በ60 ዓመቷ ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጣች። ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ግን ለስድስት ወር ተብላ ተጠራች። ምክንያቱም እያንዳንዱ ፋብሪካ ኮቦልን በራሱ መንገድ እየለወጠ የጋራ ቋንቋነቱን ስላጠፋው ነው። እርሷም አንድ ኮምፓይለር ደንቡን ጠብቆ መሠራቱን የሚመረምሩ የመፈተኛ ፕሮግራሞች እንዲዘጋጁ መራች። ቋንቋ የሚኖረው ሕግ ሲኖረው፣ ሕግም የሚከበረው ፈታኝ ሲኖር መሆኑን ያሳየ ሥራ ነበር። ያ የስድስት ወር ጥሪ በአጭር ዕረፍት ተቋርጦ እስከ 1986 ዘለቀ።

በእነዚህ ዓመታት አገር ለአገር እየዞረች ታስተምር ነበር። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ የሚጓዘውን ርቀት ለማሳየት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ሽቦ ቈራርጣ ለአድማጮች ታድላለች፤ የማይታየውን ጊዜ በእጅ የሚያዝ አደረገችው። በቢሮዋ ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅላ ነበር፤ ጊዜውን በትክክል ይናገራል፤ የሚመለከተው ሰው ግን ሰዓት ወደ ቀኝ ብቻ መዞር አለበት ያለው ማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል። ከዱሮ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚለውን መልስ አጥብቃ ትጠላ ነበርና።

ኦገስት 14 ቀን 1986፣ በ79 ዓመቷ፣ በሪር አድሚራልነት ማዕረግ፣ በቦስተን ወደብ በቆመችው ጥንታዊት የጦር መርከብ በኮንስቲትዩሽን ላይ ከባሕር ኃይል ተሰናበተች። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ ከነበሩት የባሕር ኃይል መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው እርሷ ነበረች። ከዚያም በኋላ ሳታርፍ በአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ በአማካሪነት ሠራች። በ1991 ብሔራዊውን የቴክኖሎጂ ሜዳይ ተሸለመች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመቷ ዐርፋ በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበረች። በ1969 አንድ የሙያ ማኅበር የዓመቱ ወንድ የተባለውን የመጀመሪያ ሽልማቱን ለእርሷ እንደሰጣት ይታወቃል፤ የሽልማቱ ስም ሲሰየም ሴት ልትቀበለው ትችላለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከሞተች በኋላም አንዲት የጦር መርከብና በዬል ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮሌጅ በስሟ ተሰይመዋል፤ በ2016 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ የሲቪል ኒሻን ተሰጥቷታል።

በ2020 በዓለም ላይ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሥራ ያጡ አሜሪካውያን ድጎማ ለመጠየቅ በብዛት በተመዘገቡ ጊዜ፣ የአንዳንድ ግዛቶች ኮምፒዩተሮች ሸክሙ ከበዳቸው። ፕሮግራሞቹ የተጻፉት በኮቦል ነበርና፣ ቋንቋውን የሚያውቁ አዛውንት ባለሙያዎች እንዲረዱ በአደባባይ ጥሪ ተደረገ። ብዙ ዓመታት ያለፉትን ጽሑፍ አንብቦ ማረም የተቻለው በቃላት የተጻፈ በመሆኑ ነው፤ በቀዳዳና በቁጥር ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ጸሐፊው ሲሞት አብሮት በሞተ ነበር።

የ1955ቱ ትርኢት ግን አሁንም ሙሉ መልስ አላገኘም። በዓለም ላይ ባለሙያዎች በብዛት የሚሠሩባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች ቃላታቸውን የሚዋሱት ዛሬም ከእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ተማሪ ትእዛዝ መስጠትን ከመማሩ በፊት የትእዛዙን ቃል መማር ይኖርበታል። ሆፐር ለአለቆቿ ያሳየችው ግን ለመኪናው ሁሉም ቋንቋ እኩል መሆኑን ነበር። መኪናው ፈረንሳይኛውንና ጀርመንኛውን ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀብሎ ሠርቷል፤ የከለከሉት ሰዎች ናቸው።